የሐዋዝ እግር ልክ

ብሬዴንግ፣ ስቶክሆልም
እሑድ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1996

ትሁት፣

የሐዋዝ ደብዳቤ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ለእሱ ሐዘን ከተቀመጥን በአምስተኛው ቀን።

እዚህ ፖስተኛው ደብዳቤ የሚጥለው በበሩ ቀዳዳ ነው። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ስለነበር ፖስታውን ያገኘሁት በሰው ጫማ መሃል ወድቆ ነው። ጽሑፉ እንደ ሁልጊዜው ያንቺ፣ ፊርማው የእሱ። «ጉሌ፣ ለቅዳሜው ፍጻሜ በርታ፤ እኛም እዚህ ሆነን እናጨበጭብልሃለን» ይላል። የተጻፈው ጥቅምት 2 ቀን ነው። ያን ቀን ወንድማችን ሐዋዝ ከሞተ ሠላሳ ሰባተኛ ቀኑ ነበር።

ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን ይቅር በይኝ። ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። «እንደምን ነሽ» ልል ስል እጄ ቀጥ ይላል። መስከረምን ሙሉ ደህና ነን ስትይኝ ከረምሽ። ከእንግዲህ ደህና ነን ብትይኝ በምን አውቃለሁ?

ሰኞ በስልክ እንዴት እንዳረዱኝ ጠይቀሽኝ ስልኩን ለእማዬ ሰጥቼ ሄድኩ። አሁን ልመልስልሽ። ቅዳሜ ፍጻሜውን ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ደክሞኝ በጊዜ ተኛሁ። እሑድ ሊነጋጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ የበሩ ደወል ጮኸ። ስከፍት ስምንት ሰው ቆሟል። ከፊት ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ የሚያስተምሩኝ። ከኋላቸው ሃግሴትራ የሚኖሩት ባልና ሚስት፣ ሌሎቹን በመልክ ብቻ ነው የማውቃቸው። ምን አሰብኩ መሰለሽ? የዋንጫውን ነገር ሰምተው ሊያጽናኑኝ የመጡ መሰለኝ። በፒጃማ ቆሜ «ሁለት ለአንድ ተሸነፍን» አልኳቸው።

ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ግባ ልጄ፣ ልብስህን ልበስ» አሉኝ።

ዞር ስል እማዬ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። ገና ምንም ሳይነግሩኝ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ልብሷ አዲስ ጥቁር አልነበረም። ታጥቦ ታጥቦ ክርኑ ላይ የነጣ ጥቁር ነበር። ለካ በሥራ ልብሷ ሥር ስትለብሰው ነው የከረመችው። ጸጉሯንም በሴፕቴምበር ስትቆረጠው «ለሥራ ይቀለኛል» ብላኝ ነበር፤ እኔም አምሮብሻል አልኳት። አምሮብሻል!

አንቺንም ልጠይቅሽ። አንድ እሑድ እማዬ ወደ ጎረቤታችሁ ወደ እትዬ ዓለምፀሐይ ስልክ ስትደውል ተቀብያት «ሐዋዝን አቅርቢልኝ» ብዬሽ ነበር፤ ታስታውሻለሽ? «ናዝሬት ሄዷል፣ አልተመለሰም» አልሽኝ። አሁን እንደነገሩኝ ከሆነ የተሳፈረበት ሚኒባስ የተገለበጠው ናዝሬት መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ውሸት መሃል እውነት የነገርሽኝ እሱን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሐዋዝ እጁ ለእስክሪብቶ እንደማይታዘዝለት አውቃለሁ። እሱ ተጋድሞ ይናገራል፣ አንቺ ትጽፊያለሽ፣ እሱ ይፈርማል፤ ስንት ዓመት እንዲህ ነው። ስለዚህ በጽሑፉ መለየት አልችልም። በነሐሴ መጨረሻ የተጻፈው፣ የእግሩን ልክ የላከበት አለ። ቀን የሌለው፣ «ታኬታውን ተወው፣ እዚሁ አገኘሁ» የሚለው አለ። መስከረም 17 የተጻፈው፣ ስለ ሪጎሬ የመከረኝ አለ። ይሄ የሐሙሱ አራተኛው ነው። ቀኑን አይቼ እንዳልቆርጥ፣ ከመሞቱ በፊት የነገረሽን አቆይተሽ ልከሽልኝም ይሆናል።

የቱ የእሱ ነው? የመጨረሻው የሐዋዝ ቃል የቱ ነው? ሌላውን ሁሉ ተይውና እሱን ጻፊልኝ።

ጉልላት


አዲስ አበባ
ጥቅምት 29 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለጉልላት፣

አንተ ሰላምታ ብትነፍገኝም እኔ አልነፍግህም። እንዴት ነህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እኔ ደህና ነኝ አልልም፣ ከልክለኸኛልና። ቆሜ እሄዳለሁ፣ ታይፕ ትምህርት ቤት እመላለሳለሁ፣ አክስቴ ያቀረበችውን እበላለሁ። ይሄን ያህል እመነኝ።

ጉሌ፣ አንተ እዚያ ስታድግ ይሄን ነገር ያስረዳህ የለም። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሆኖ አይሰማም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋ ሲል፣ የሚደግፈው ክንድ አጠገቡ ሳለ ነው የሚሰማው። አጎታችን ወልደማርያም ከቀብር በተመለስን ማታ ሁላችንንም አስቀመጡን። «ልጁ በሰው አገር ነው። በአንድ ትንፋሽ ወንድምህ ሞተ ተብሎ ስልክ ቢዘጋበት ምን ይሆናል?» አሉ። ለእማዬ የነገሯትም በእናንተው ቀሳውስት በኩል፣ ሰዎች አብረዋት ሆነው ነው።

ከዚያ እማዬ ደወለች። አዲሱ አሰልጣኝ እንዳሰለፈህ፣ አምናና ካቻምና ወንበር ላይ ከርመህ ዘንድሮ ገና ቀና እንዳልክ ነገረችን። «ይሄ ኳስ እስኪያልቅለት» አለች። እያለቀሰች ነው ያለችው። አጎቴም «ደብዳቤ ከተቋረጠበት ይጠረጥራል፤ አንቺ ሁሌም ስትጽፊ ነበር፣ ጻፊ» አሉኝ። ያሳደጉኝን፣ አንቱ የምላቸውን ሰው እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? እኔ የማውቀው መጻፍ ነው፤ የታዘዝኩትም እሱን ነው።

የሐሙሱ ደብዳቤ ቀድሞ መድረስ ነበረበት። በሐዘናችሁ ላይ መድረሱን ሳነብ ወረቀቱን ዘቅዝቄ ወጣሁ። ለዚያ ይቅር በለኝ፣ ለሌላው ባትለኝም።

ለጠየቅከኝ፦ የሪጎሬው ምክር የእሱ ነው። በነሐሴ ነግሮኝ ነበር፤ ለጨዋታው ሲቃረብ ልኬልህ ነው። ይሄን ያዝ።

የመኪናውን ነገር እንድጽፍልህ አትጠይቀኝ። አሁን አልችልም። ብዙ አልተሠቃየም፣ ይሄን ብቻ ልበልህ።

እህትህ ትሁት


ብሬዴንግ
ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1996

ትሁት፣

እማዬን በስልክ ስለ እኔ ጠይቀሻት ነበር፤ አይ፣ ምግብ አልተውኩም፤ እማዬ እንደዚያ ብላሽ ከሆነ አጋንናለች። ትምህርት ቤትም እሄዳለሁ። ኳሱን ግን አዎ፣ ትቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ እማዬ አልነገረችሽም፤ አታውቀውም።

ስለ ሪጎሬው አመሰግናለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ወደዚያ መስመር ነው የሮጥኩት። በግማሽ ፍጻሜው ሪጎሬ ስናገኝ ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ኳሷን አስቀምጬ ያልኩት የእሱን ቃል ነው፦ «በረኛውን አትየው፣ ኳሷን እይ፤ እግርህ መንገዱን ያውቀዋል»። ገባ። ለሐዋዝ እነግረዋለሁ ብዬ ሮጥኩ። ያን ቀን አፈር ከገባ ከወር በላይ ሆኖት ነበር፤ ቃሉ ግን የእሱ ነበርና ያ ጎል የሁለታችን ነው። ከዚህ ሁሉ ወራት የተረፈኝ እሱ ነው።

የቀረውን ልንገርሽ። ሮጀር ስለሚባለው አዲሱ አሰልጣኝ በነሐሴ ጽፌላችሁ ነበር። የድሮው አሰልጣኝ የተሰላፊዎችን ስም በር ላይ ለጥፎ ነበር የሚጠፋው። ሮጀር በመጀመሪያው ልምምድ ሣሩ ላይ አስቀመጠንና «በዚህ ቡድን ከኋላ የሚነገር ነገር የለም። ያልተሰለፈ ሰው ምክንያቱን ከእኔ አፍ ይሰማል» አለን። እውነቱንም ነበር። በረኛችንን «ትፈራለህ» አለው፣ ፊት ለፊት። እኔን «ቀኝ እግርህ ለአውቶቡስ መሳፈሪያ ካልሆነ አይጠቅምም፤ ግራህ ግን ጥሩ ነው» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። እንዲህ የሚናገረኝ ከሐዋዝ ሌላ ሰው አልነበረም። አምና ከመጨረሻው ሁለተኛ የወጣ ቡድን ዘንድሮ ፍጻሜ የደረሰው በዚህ ሰውዬ ነው።

ከሐዘን በተመለስኩ ቀን ወደ ክፍሉ ጠራኝ። በሩን ዘጋ። «ከእኔ መስማት ያለብህ ነገር አለ» አለኝ።

«ምንድን ነው?»

«ከሴፕቴምበር 12 ጀምሮ አውቅ ነበር።»

ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

«እናትህና አስተማሪህ መጡ» አለኝ። «አስተማሪህ አስተረጎመ። ውድድሩ እስኪያልቅ እንዳልነግርህ፣ ከቡድኑም እንዳላስወጣህ ለመኑኝ። ትክክል አይደለም አልኳቸው። ባህላችን ነው አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጉልላት? የሰው ሐዘን እንዴት እንደሚነገር ላስተምራቸው?»

«ከኋላ የሚነገር ነገር የለም ብለህ ነበር» አልኩት።

«ብዬ ነበር።»

ትሁት፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን የአምበልነቱን ክንድ ማሰሪያ ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር። በነጋታው ለሐዋዝ አንድ ገጽ ሙሉ የጻፍኩት ስለዚያ ነው፤ አንቺ ነሽ ያነበብሽው። አሁን ቀኑን ቆጠርኩ። ስድስት ቀን። ወንድሜ መሞቱን በሰማ በስድስተኛው ቀን።

«አምበል ያደረግከኝ በጨዋታዬ ነው ወይስ በሐዋዝ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የግራ መስመሩን የሰጠሁህ በኦገስት ነው፤ እሱ ያንተ ነው» አለኝ። «አምበልነቱን ግን... እሱን እኔም ራሴ አላውቀውም።»

ማሰሪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። አልጠራኝም።

ወደ ቤት ስመለስ ቱነልባና በምንለው የምድር ውስጥ ባቡር ላይ እያንዳንዱን ጨዋታ አንድ በአንድ አሰብኩ። ያጨበጨቡልኝ ሁሉ ያውቁ ነበር? የሁዲንጌው ሜዳ ዳር ቆመው የሚያዩን ሐበሾች፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ፣ አይዞህ» ያሉኝ፣ ስለምን ነበር አይዞህ ያሉኝ? እኔ ብቻ ነበርኩ የምጫወተው፤ ሌላው ሁሉ እኔን ነበር የሚጠብቀው።

እማዬን ጠየቅኳት። ለቅሶሽን የት አለቀስሽው አልኳት። ምድር ቤት ያለውን የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ትቬትስቱጋ የምንለውን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ትይዘው ነበር። ለሁለት ሰው ልብስ ያን ያህል ምን ይታጠባል ብዬ አላሰብኩም። ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ድምፅ አይሰማም አለችኝ። አርባውም ማክሰኞ ነበር፤ ተጨማሪ ፈረቃ አለኝ ብላኝ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። እኔ ያን ቀን ልምምድ ላይ ነበርኩ። የወንድሜ አርባ ወጥቶ ነው የሰማሁት፣ ገባሽ? አርባው ወጥቶ።

አሳዘነችኝ። ግን አብሬያት አልበላም፤ ሳህኔን ይዤ ክፍሌ እገባለሁ።

ጉልላት


አዲስ አበባ
ኅዳር 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

ወንድሜ ጉልላት፣

ደብዳቤህም፣ ከእሱ በኋላ የላክካት ፖስትካርድም ደርሰውኛል። በበረዶ የተሸፈነው ድልድይ ጀርባ ላይ የጻፍካትን አንዲት መስመር ለአጎቴ አላሳየሁም። አንብቤ ከታይፕ መጽሐፌ ውስጥ ሸሸግኳት። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።

የሐውልቱን ነገር ያልከውን ማድረግ አልችልም። ድንጋዩ ላይ «እግርህ መንገዱን ያውቀዋል» ብዬ አላስቀርጽም። ለምን እንዳልሆነ ከመንገሬ በፊት ተቀመጥ።

ያ ቃል የሐዋዝ አይደለም፣ ጉሌ። የእኔም አይደለም። የታይፕ አስተማሪያችን የወይዘሮ ተጂቱ ነው። ቁልፉን እያየን ስንመታ ከኋላ መጥተው በእርሳስ ጣታችንን ይመቱናል። «ቁልፉን አትዩት፣ ወረቀቱን እዩ! ጣታችሁ መንገዱን ያውቀዋል!» ይላሉ። አንተ በነሐሴ መጨረሻ በጻፍከው ደብዳቤ «ሪጎሬ ይሰጡኝ ይሆናል፣ ፈራሁ፣ ምን ላድርግ?» ብለህ ሐዋዝን ጠይቀኸው ነበር። ደብዳቤህ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። ምን እንደሚልህ አላውቅም፤ በሕይወቴ ኳስ መትቼ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አሮጊቷ ሲጮሁብኝ ይሄ ይሆነዋል አልኩ። ጣቱን እግር አደረግኩት።

ባለፈው ስትጠይቀኝ የእሱ ነው ያልኩህ፣ መስመሩን እንደያዝከው ስለገባኝ ነው። አጎቴ አላዘዙኝም። እማዬም አልለመነችኝም። እሱን የዋሸሁት በገዛ እጄ ነው። በመቃብሩ ላይ ልታስጽፈው ባትል ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም እል ነበር።

ከጳጉሜን ወዲህ የመጣልህ ሁሉ፣ ፊርማው ጭምር፣ የእኔ ነው። «ታኬታውን ተወው» ያልኩህም እኔ ነኝ። ታኬታው ከመጣ ማን ያደርገዋል? ሳጥኑን እንዴት እከፍተዋለሁ? ብዬ ነው። አንተ ደስ እንዳለህ ጽፈህ ነበር፤ ከተማ ወርዶ የመምረጥ ጣጣ ቀረልኝ ብለህ። እሱን ደብዳቤ መልሰህ አታስታውሰው፤ ያኔ አላወቅክም።

የመጨረሻው የእሱ፣ ነሐሴ 20 የተጻፈው ነው። ቁም ነገር የለበትም፣ ለዚህ ነው ልነግርህ የፈራሁት። ጋራዥ ውሎ መጥቶ ደክሞት ነበር። ለሰፈሩ ቡድን የሚጫወትበት ታኬታ ልትልክለት ቃል ስለገባህ ልኩን እንላክለት አለኝ። ወረቀቱን ሲሚንቶው ላይ ዘረጋሁት፤ ቆመበት፤ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አሰመርኩ። ትንሿ ጣቱ ጋ ስደርስ «ትኮረኩሪኛለሽ፣ አንቺ!» ብሎ እግሩን ሳበው፤ ለዚያ ነው መስመሩ እዚያ ጋ የተጣመመው። ከዚያ ተጋደመና «አዲሱ አሰልጣኝ የት አሰለፈህ? እሱን ሳትጽፍልኝ ስለ ሰውዬው ጢም ሁለት ገጽ ትጽፍልኛለህ፣ አንተ ለፍላፊ» ብለሽ ጻፊለት አለኝ። ጻፍኩ። ፈረመ። ከዚያ በኋላ ለአንተ ያለው ነገር የለም። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ናዝሬት ሊሄድ ወጣ።

ብዙ አልተሠቃየም ያልኩህንም አላውቀውም። ሰዎች ነገሩኝ፤ እኔ አልነበርኩም።

ይኸው። ሌላ የደበቅኩህ የለም።

ትሁት


ብሬዴንግ
እሑድ፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1996

ትሁት፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። የድንጋዩን ነገር ተይው፤ ስሙና የአባታችን ስም ይበቃል።

ሁለት ጊዜ ዋሸሽኝ። የመጀመሪያውን ሁሉም አብሮሽ ነበር፤ አጎቴ፣ እማዬ፣ ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ፣ ሮጀር ሳይቀር። ለብዙ ሰው የሚከፋፈል ነገር ነው። ሁለተኛውን ግን ብቻሽን ነሽ። እኔ እውነቱን ንገሪኝ ብዬ ለምኜሽ፣ አንቺ ይሄን ያዝ አልሽኝ፤ ያዝኩት። ሦስት ሳምንት በልቤ ይዤው ዞርኩ። ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍም። ብጽፍ እኔም በተራዬ መዋሸቴ ነው።

እማዬ ደብዳቤሽን ሳነብ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ምን አለች?» አለችኝ።

«ሐዋዝ ትኮረኩሪኛለሽ አለ» አልኳት። በሩን ይዛ ቁጭ አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ማታ የእግሩ ልክ ያለበትን ወረቀት ከመጽሐፍ መሃል አወጣሁት። ያኔ ታኬታውን ልገዛ አጣጥፌ ይዤው ከተማ ልወርድ ስል ልምምድ ይመጣል፣ ጨዋታ ይመጣል፤ እንደዚያው ቀረ። ወለሉ ላይ ዘርግቼ፣ ካልሲዬን አውልቄ ቆምኩበት። ትልቁ ጣቴ ከመስመሩ አልፏል። ትንሿ ጣት ጋ መስመሩ እንዳልሽው ተጣሟል። ይሄን ማንም በስሙ ሊጽፍልኝ አይችልም። እስክሪብቶው በእጅሽ ነበር፣ እግሩ ግን የእሱ ነው።

ከሥዕሉ ሥር የጠየቀኝ ጥያቄ አለ። ሦስት ወር ሙሉ አልመለስኩለትም። ስለ አምበልነት፣ ስለ ጎል፣ ስለ ዋንጫ ስጽፍ እሱን ረሳሁት። ያን ሁሉ ያነበብሽው አንቺ ነሽ፤ ይሄ ግን የእሱ ነው፦

ሐዋዝ፣ የግራ መስመር ተከላካይ ነኝ። አንተ የተጫወትክበት ቦታ። የሰጠኝ በኦገስት ነው፣ አንተ በሕይወት ሳለህ። ማንም አዝኖልኝ አይደለም።

ትሁት፣ ለዚህ መልስ አትጻፊለት። መጻፍ ከፈለግሽ ግን በራስሽ ስም ጻፊ።

ጉልላት